ጥርሱ ያልበቀለ አባወራ

ልጄ አባወራ የሆነው የፊት ሁለት ጥርሶቹ በወለቁበት ሳምንት ነው። ስድስት ዓመት ከመንፈቁ ነበር። የጫማውን ክር ማሰር አይችልም፣ ግራና ቀኙን እየቀያየረ ያደርጋል፣ ሽንት ቤት ሲገባ ደግሞ እንዳይፈራ በሩ ላይ ቆሜ መዝሙር እንድዘምርለት ይፈልጋል። ሰፈሩ ግን በቤቴ ካለነው ሦስት ሰዎች መካከል ለቤት ኃላፊነት የሚበቃው እሱ ነው ብሎ ወሰነ። ይኸው ዓመት አለፈው፤ ንዴቴ ግን አልበረደም፣ እንዲበርድም አልፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆሳዕና ውስጥ እኛ ሰፈር ስምንት ቤቶች ለመስቀል፣ ሀዲያው ያሆዴ ለሚለው በዓል፣ አንድ በሬ በቅርጫ እናርዳለን። ከጉራጌ የመጣ ባለሱቅ አለ፣ መምህራን አሉ፣ የቢሮ ሠራተኞች አሉ። በሃይማኖት እንለያያለን፣ በበሬው ግን ተለያይተን አናውቅም። ወንዶቹ በሬውን ገዝተው ያርዱና ሥጋውን በስምንት መደብ ይከፍሉታል። ከዚያ እያንዳንዱ አባወራ ከኪሱ አንድ ምልክት ያወጣል፤ ቁልፍ ሊሆን ይችላል፣ ጠጠር ወይም የክብሪት እንጨት። የትኛው ምልክት የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ተጠርቶ በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ይጥላል። ምልክትህ ያረፈበትን መደብ ታነሣለህ፤ አነሰኝ፣ አጥንት በዛበት ማለት ነውር ነው።

የልጆቼ አባት ትንሹ ሆዴ ውስጥ እያለ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። እዚያ ሱቅ ከፈተ፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ትዳርም ከፈተ። በሄደ በመጀመሪያው መስቀል ስለ ቤታችን የሚቆም ወንድ አልነበረምና ከቅርጫው ተዘለልን። ትንሹን ገና አጠባ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከየቤቱ በእንሰት ቅጠል የተሸፈኑ ሳህኖች ደጄ ላይ መድረስ ጀመሩ። አንገት፣ አጥንት፣ የጨጓራ ቁራጭ። እንዲህ ያለው ሳህን ለመበለት የሚላክ ነው፤ እኔ ግን ባሌ ሳይሞት ተላከልኝ። ሳህኖቹን ያመጡት ሰዎች ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያናግሩኝ፣ ቤት ውስጥ በሽተኛ የተኛ ይመስል። ያን ሥጋ እያለቀስኩ በላሁት፤ ርቦኝ ስለነበር ግን ጨረስኩት።

ከዚያ ዓመት ወዲህ የባሌ ወንድም ስለ ቤቴ ይቆም ጀመር። መዋጮውን አወጣለሁ፣ እሱ ዕጣውን ይጥላል፣ ሥጋውን አምጥቶ ደጄ ላይ ያስቀምጣል። ይህም ያናድደኝ ነበር፣ ግን የሚቻል ንዴት ነው። አምና ክረምት ሊገባ ሲል ወንድምየው ለሥራ ሾኔ ተዛወረና የቅርጫው ሰብሳቢ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ቤቴ መጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ግማሹን ሰፈር ፊደል ያስቆጠሩ፣ የማከብራቸው ሰው።

እኛ ጋ እናት በበኩር ልጇ ስም ነው የምትጠራው። ሰብሳቢውም እንደ ወትሮው የትልቋን ልጄን ስም ጠርተው «የእገሊት እናት» አሉኝ። «ደብተሩን ላስተካክል ነው የመጣሁት። ላንቺ ቤት ማን ይቆማል?»

«እኔ እቆማለሁ ጋሼ።»

ሳቅ አሉ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ይህ ነው ይበልጥ የሚያበሽቀው። «አንቺማ አለሽ፤ ማን የለሽም አለ? ግን እርድ ቦታ ሴት አትቆምም፣ ዕጣም አትጥልም። ወጉን እኔ አላመጣሁት። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰማሽም?»

«እንግዲያው ቤቴ ሊዘለል ነው?»

«ምን በወጣው! ወንድ ልጅ አለሽ አይደል እንዴ?»

ወንድ ልጄ በሩ ጀርባ ቆሞ በወለቀው ጥርሱ ቦታ ምላሱን እያወጣ እያስገባ ነበር። ሙሉ ስሙን ጠየቁት። በትክክል ተናገረ፣ እሳቸውም ጻፉ፣ «ጎበዝ!» ብለው ራሱን ዳበሱት። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ ልጅ የጣለው ዕጣ ግን ለመስቀል ይበቃል ማለት ነው።

እኔ ምንም አላልኩም። ዓይኔ ላይ የመጡት እነዚያ የተሸፈኑ ሳህኖች ናቸው። ስሙ የማንም ይሁን፣ ብቻ ቤቴ ዕጣ ይኑረው አልኩ በሆዴ። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው እኔን አላየኝም። ዝምታ ይነቅዛል።

ነገሩን ይበልጥ አስቂኝ የሚያደርገው የእንጀራዬ ጉዳይ ነው። የምሠራው ቀበሌ ነው፣ ነዋሪ እመዘግባለሁ። ከቅጹ አናት ላይ «አባወራ ወይም እማወራ» የሚል መስመር አለ። ባሏ የሞተባት ትመጣለች፣ ባሏ የጠፋባት ትመጣለች፣ እኔም ያለ ማንም ፈቃድ «እማወራ» ብዬ ጽፌ ማኅተም አሳርፍበታለሁ። መንግሥት አንድም ቀን ወንድ ልጅ የለሽም ወይ ብሎ አልመለሰብኝም። እንዲህ ስንቷን ሴት የቤቷ ኃላፊ አድርጌ ውዬ ወደ ቤቴ ስገባ የእኔ ቤት ኃላፊ ካልሲው ጠፍቶበት እያለቀሰ ይጠብቀኛል።

ሹመት ሰው ይለውጣል። በመጀመሪያው ሳምንት የአባቱን ባለክንድ ወንበር ያዘ። እግሩ መሬት አይደርስም፤ ከወንበሩ ለመውረድ በሆዱ ተገልብጦ መንሸራተት አለበት። ቀጥሎ ጎመን መቀንጠስ ተወ። «አባወራ ጎመን አይቀነጥስም» አለን። ማን ነገረህ ስለው «ጋሼ ራሳቸው አይቀነጥሱም» አለ። እውነቱን ነው፤ ጎመኑን እኔው ቀነጠስኩ። ከዚያ ገላውን መታጠብ በፈቃዱ አደረገው፣ ካርቱን የሚታይበትን ሰዓት ራሱ ወሰነ፣ ሹሮ ሲቀርብለት «ይህን ማን ፈቀደ?» ማለት ጀመረ። በመንገድ ላይ ወንዶቹ «አባወራው! እንዴት ዋልክ?» እያሉ ከረሜላ ይሰጡታል። እኔ አጠገቡ ቆሜ እጁን ይዤ ነው።

አንድ ቀን አስተማሪው አስጠራችኝ። የቤት ሥራህን ለምን አልሠራህም ስትለው «ስብሰባ ነበረብኝ» ብሏታል። እሷ ውሸት መስሏት ነው የጠራችኝ። ስብሰባማ ነበረበት። ወንዶቹ በሬው ከሞርሲቶ ገበያ ይገዛ ወይስ ከጃጁራ ብለው ሁለት ሰዓት ሲከራከሩ አባወራዬ አንድ ለስላሳ ጠጥቶ አግዳሚው ላይ ተኝቶ ነበር። ተሸክመው አመጡልኝ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ከሞርሲቶ እንዲገዛ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ተብሎ ተጽፏል። አንዱ ድምፅ ያንኮራፋ ነበር። አስተማሪዋ ይህን ስነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅኩ፣ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ተቋረጠብኝ።

ትልቋ ልጄ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ውኃ የምትቀዳው እሷ ናት። ቧንቧ ሲጠፋ ጄሪካን ይዛ ሰልፍ የምትወጣው፣ ወንድሟን ፊደል ያስቆጠረችው፣ እኔ ቢሮ ስውል ምሳውን አብልታ ትምህርት ቤት የምታደርሰው እሷ ናት። ታይፎይድ የጣለኝ ጊዜ ቤቱን ሁለት ሳምንት ሙሉ ይዛዋለች።  ወንድሟ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሲያዛት ትስቃለች፣ አንዳንዴም ጆሮውን ትጎትትና ታወርደዋለች።

መሳቋን ያቆመችው አንድ ቅዳሜ ነው። ሁለታችን ውኃ ቀድተን ስንመለስ ሰብሳቢው ከደጃቸው ሆነው ሰላም አሉኝ። የትንሹን ስም ጠርተው «የእገሌ እናት፣ እንዴት ነሽ?» አሉ። ደብተሩ ላይ የተጻፈውን ስም መሆኑ ነው። በአንድ ሰላምታ በኩር ልጄ ከመጠሪያዬ ጠፋች። ጄሪካኗን አስቀምጣ ቆመች። እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ አለፍኩ።

ቤት ገብተን እጇን እየታጠበች ጠየቀችኝ። «እማዬ፣ የእሱን ስም ሲጽፉ ምን አልሻቸው?»

«ምንም አላልኩም።»

«ምንም?»

«ለሥጋው ብዬ ነው። ለእናንተው ብዬ።»

«እሺ» አለች። እሺታዋን አውቃለሁ፤ የራሴ እሺታ ነው። ለባሌም፣ ለወንድሙም፣ ለጋሼም ስል የኖርኩት እሺ ከልጄ አፍ ሲወጣ ሰማሁትና አፈርኩ። ቢሆንም ነገሩን አላነሣሁትም። በዓሉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ በሬው ተገዝቷል፣ ይለፍ አልኩ።

እንዲያልፍ ያልፈቀደው ቅቤው ነው። ወንዶቹ በሬ ሲያስቡ እኛ ሴቶች ቅቤ እናጠራቅማለን፤ ዊጆ እንለዋለን። በየሳምንቱ ከየቤቱ ቅቤ እየመጣ አንዷ ዘንድ ይቀመጣል፣ ለመስቀል እንካፈለዋለን። ያለ ቅቤ ክትፎው የለም፣ ከቡላ የሚሠራው አታካናም የለም፣ በሬው ብቻውን በዓል አያደርግም። በዚያ ዓመት ቅቤ ጠባቂዋ እኔ ነበርኩ። ማሰሮው የመኝታ ክፍሌ ጥግ ተቀምጦ ነበር። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ቤት ነሽ ተብዬ ለመቆጠር የማልበቃዋ ሴት የስምንት ቤት ቅቤ በአደራ ይዣለሁ።

አንድ ቀን ከቢሮ ስገባ ግቢው ጸጥ ብሏል። እናት የሆነ ሰው እንዲህ ያለውን ጸጥታ ያውቃል። ወደ ጓሮ ሮጥኩ። አባወራዬ ኮባ ቆርጦ መሬት ላይ አንጥፏል፣ በኮባው ላይ የማሰሮውን ቅቤ በስምንት መደብ ከፍሎታል። አምስት የሰፈር ልጆች ከበውት ቆመዋል። ሁሉም ራሳቸው ላይ እንደ ሽማግሌ ቅቤ ተቀብተዋል፤ ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ ግንባራቸው ላይ ይወርዳል። አንደኛው መደብ ላይ የጎረቤት ውሻ ዕጣ ሳይጠብቅ ደርሶበታል። ልጄ ቀሚሴን እንደ ካባ ደርቦ ጠጠር እየሰበሰበ ነበር።

መጮህ ጀምሬ ነበር። ትልቋ ግን ከእኔ ቀድማ ከትምህርት ቤት ደርሳ፣ ቅቤውን ለማዳን መሆኑ ነው፣ ጠጠር አንሥታ «እሺ፣ የእኔም ዕጣ ይግባ፤ ከዚያ ወደ ማሰሮው እንመልሰዋለን» እያለችው ነው። እሱም ጠጠሯን መለሰላት። በጋሼ ድምፅ፣ በጋሼ ሳቅ፣ ያለ ምንም ክፋት እንዲህ አላት፦

«አንቺማ አለሽ። ግን ሴት ዕጣ አትጥልም።»

አልመታሁትም። የቱን ልምታ? ይህን ያስተማረው ማን ነው? ጋሼ ናቸው፣ ወንዶቹ ናቸው፣ ከሁሉም በላይ በሩ ላይ ቆሜ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ያሳደግኩት ልጅ እህቱን እንዳትቆጠር ሲያደርግ በጓሮዬ አየሁ፤ ያውም በእኔ ቀሚስ። የተረፈውን ቅቤ ወደ ማሰሮው መልሼ፣ በቅቤው እጄ ነጠላዬን አጣፍቼ በቀጥታ ጋሼ ቤት ሄድኩ።

ሚስታቸው በሩን ከፈቱልኝ። እትዬ ነው የምላቸው፤ የዊጆአችን መሪ፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው፣ ባላቸው ሲናገሩ ዓይናቸውን ከመሬት አያነሡም። የቅቤውን ነገር አስቀድሜ ለእሳቸው ነገርኳቸው፣ የጎደለውን ከራሴ ድርሻ እንደምተካም። ስለ ልጆቹ ራስ ስነግራቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞርኩ።

«የልጄን ስም ይሰርዙልኝ።»

«ማን ይተካ?»

«እኔ። ወይም ትልቋ።»

«እሱማ አይሆንም አልኩሽ። ስሙ ከተሰረዘ ዕጣሽም መሰረዙ ነው። መስቀል ደርሷል፣ ምነው ለልጆችሽ ብታስቢ?»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ናት ያቃጠለችኝ። ለሰባት ዓመት ሌላ ምን አስቤ እንደኖርኩ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። «ይሰረዝ» ብቻ አልኩ። ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ። እትዬ በሩ ላይ ሲሸኙኝ እጄን ያዝ አድርገው ቆዩ።

የመስቀል ዕለት በሬው በሰባት ተከፈለ። ድምፃቸው እስከ ቤታችን ይሰማል። ትንሹ ወንበሩ ላይ ሆኖ ከሥልጣን የወረደ ሹም ለቅሶ ያለቅሳል፤ «ሥጋችንስ?» ይላል። ጠዋት ተሰልፌ ከሥጋ ቤት የገዛሁት ሦስት ኪሎ ነበር። ጸጸተኝ አልልም፣ ግን ልጅ በበዓል ቀን ሲያለቅስ ኩራት ምን ያህል እንደሚያዋጣ እርግጠኛ አልነበርኩም። ትልቋ ጓሮ ወጥታ ኮባ ቆርጣ መጣች። አጥባ ወለሉ ላይ አነጠፈችው። ሥጋውን ወደ ማብሰያው ከመውሰድ ይልቅ ኮባው ላይ በሦስት መደብ ትከፍለው ጀመር፤ ከአንዱ ታነሣለች፣ ወደ ሌላው ትጨምራለች፣ ራቅ ብላ ታያለች።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። በእንሰት ቅጠል የተሸፈነ ሳህን ይዘዋል። ያ ሳህን ነው።  አፌን ከመክፈቴ በፊት ልጄ ተነሥታ ፊታቸው ቆመች፣ በትሕትና ጎንበስ ብላም ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ ይህ ዕጣችን ነው ወይስ ምጽዋት?»

እትዬ ልጄን አዩ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ የተነጠፈውን ኮባ አዩ። ቢዋሹላት ይቀል ነበር። «ምጽዋት ነው ልጄ» አሉ።

«እግዜር ይስጥልን። ምጽዋት ግን አንቀበልም።»

ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልሄዱም። ገቡ። ትንሹ በሆዱ ተንሸራቶ ከአባቱ ወንበር ወረደና ለቀቀላቸው፤ ማንም አላዘዘውም። እትዬ ተቀምጠው ሦስቱን መደብ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ። «ተጋብተን ዘንድሮ አርባ ዓመት ሊሞላን ነው» አሉ። «በየዓመቱ የማበስለው እኔ ነኝ። ዕጣው ሲጣል ግን አይቼ አላውቅም።» ሳህኑን ለልጄ ዘረጉላት። «እንግዲያው ይህን ከመደቡ ላይ ጨምሪው። አራት አድርጊው።»

ልጄ እንደገና ከፈለች። ምልክት አምጡ አለች። እኔ የቤት ቁልፌን ሰጠሁ። እሷ የፀጉር ማስያዣዋን አወጣች። ትንሹ ከኪሱ ብይ አወጣ፣ ትንሽ አሰበና ከሚወደው ብይ በታች ያለውን ሰጠ። እትዬ ልብሳቸውን ዳበሱ። «ኪስ የለኝም እኮ» አሉ። በመጨረሻ ከነጠላቸው ላይ መርፌ ቁልፍ ፈትተው ሰጡ። የትንሹን ዓይን በሻሼ አሰርንና ምልክቶቹን መዳፉ ላይ አደረግንለት። ዓይኑ እንደታሰረ «ሴት ዕጣ ትጥላለች እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«እጅህን ዘርጋ» አለችው እህቱ።

ዘረጋ፣ ጣለ። አጥንት የበዛበት መደብ ለእኔ ደረሰ፤ ዕጣ ነውና ዝም አልኩ፣ በዚህኛው ዝምታ ግን አላፈርኩም። ሻኛው ያለበት፣ ከሁሉም የሚበልጠው መደብ ላይ መርፌ ቁልፉ አርፎ ነበር። እትዬ ጎንበስ ብለው አዩት። የእሳቸው መሆኑን እንድነግራቸው የሚጠብቁ ይመስል ወደ እኔ ቀና አሉ። «የእርስዎ ነው» አልኳቸው።

ሥጋውን በሳህናቸው ላደርግላቸው ስል እጄን ያዙኝ። «ተዪው፣ በኮባው ይሁን» አሉ። ልጄ ኮባውን ቀድዳ ጠቀለለችላቸው። መርፌ ቁልፉን መልሰው ነጠላቸው ላይ ሰኩ። እስከ ደጃቸው ሸኘኋቸው፤ ወንዶቹ እዚያ ተቀምጠው ነበር፣ ጋሼም መሃላቸው። እትዬ የደረሳቸውን ሥጋ በሁለት እጃቸው ከፊታቸው ይዘው በመካከላቸው አልፈው ገቡ። ከወንዶቹ አንዱ «ከየት ነው?» ሲላቸው ሰማሁ።

«ዕጣዬ ነው» አሉት።